መኪናው ሲቆም፦ ስታይንቤክን ከጓሳ ሆኖ ማንበብ

ስልካችሁን በከፈታችሁ ቁጥር አንድ ዓይነት ቪዲዮ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው ትልቅ መኪና፣ ፈረንጆቹ «አር ቪ» የሚሉት፣ የባሕር ዳርቻውን ይዞ ይነዳል። በአንድ በኩል ውኃ፣ በሌላው በኩል ገደል። ጠዋት ሰውየው የኋላውን በር ከፍቶ ቡናውን ያፈላል፤ አለት ላይ የተጋደመ የባሕር አንበሳ ያዛጋል፤ ራቅ ብሎ የዓሣ ነባሪ ጭራ ብቅ ይልና ይሰምጣል። ሙዚቃ። ከዚያ መኪናው ይነሳል። የእኛዎቹ ቪሎገሮችም ይህንን ቅርጽ እንዳለ ወስደው፣ ባሕሩን በደጋ፣ የባሕር አንበሳውን በጭላዳ ተክተው፣ ቤት የሆነ መኪና ባይኖራቸው የተከራዩት ላንድክሩዘር ላይ ድንኳን ጭነው መንዝ ድረስ መጥተዋል። መሐል ሜዳ ላደግን ሰዎች ደስ የሚል ነገር አለው። የምናውቀው ብርድና የምናውቀው ጉም በሰው ስክሪን ላይ ሲታይ ማን ይጠላል? እኔም አያለሁ፣ ላይክም አደርጋለሁ።

ግን አንዲት ቃል አለች። ድሮኑ ከመሬት ተነስቶ የጓሳን ሳር ከላይ ሲያሳየን፣ ተራኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚላት ቃል፦ «ያልተነካ»። ያልተነካ ተፈጥሮ፣ ያልተነካ ውበት፣ ማንም ያላየው ገነት። ይህችን ቃል በሰማሁ ቁጥር ቪዲዮውን አቁሜ ሳሩን አያለሁ። ከላይ ላዩን ያለቀ ጉዳይ ይመስላል፤ ግን ቃሏ የመጣችው ከቅርጹ ነው ብዬ አምናለሁ። በሚነዳ መኪና መስኮት ያዩት ሁሉ ያልተነካ ይመስላል። የነካው ሰው እስኪመጣ የሚጠብቅ የለማ!

ስለዚህ ወደ ቅርጹ ልሂድ። በጽሑፍ ከሚታወቁት ከሁሉም ዝነኛው የጆን ስታይንቤክ «ከቻርሊ ጋር የተደረጉ ጉዞዎች» ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ስታይንቤክ 58 ዓመቱ ነበር፤ ጤናው ደከም ብሏል፤ ስለ አሜሪካ ለብዙ ዓመት ጽፎ አሜሪካን እንደማያውቃት ተሰምቶታል። ጭነት መኪና ላይ የተገጠመ ትንሽ ቤት በትእዛዝ አሠራ፤ በዶን ኪሾት ፈረስ ስም «ሮሲናንቴ» አለው፤ ቻርሊ የተባለውን ውሻውን ጭኖ ከሎንግ አይላንድ ተነሳ። ሰሜን ምሥራቅ ሜን ድረስ፣ ከዚያ አገሩን አቋርጦ እስከ ሲያትል፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ ወደ ታች እስከ ተወለደበት የካሊፎርኒያ አካባቢ፣ ከዚያ በቴክሳስና በኒው ኦርሊንስ አድርጎ ወደ ቤት። መጽሐፉ በ1962 ወጣ፤ ሰውየው ኖቤል ያገኘውም በዚያው ዓመት ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት የአውሬ ትዕይንቶች አሉ፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጡም። አንደኛው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ጨዋ የነበረው ቻርሊ ድብ ሲያይ ያብዳል፤ መኪናውን ሊበጣጥስ ይደርሳል። ስታይንቤክ ምን አደረገ? መኪናውን አዙሮ ከፓርኩ ወጣ። አለቀ። ገጹ ያስቃል፤ ግን ልብ ካላችሁ ድቡ የታየው በውሻው በኩል ብቻ ነው። ሁለተኛው ሞሃቬ በረሃ ላይ ነው። ሁለት ኮዮቴዎች፣ ማለትም የእኛን ቀበሮ የሚመስሉ የበረሃ አውሬዎች፣ በጠመንጃው መነጽር ውስጥ ይገባሉ። ዶሮ በላ ይገደላል የሚል የልጅነት ልማድ ጣቱን ወደ ቃታው ይስበዋል። እዚያ አካባቢ ግን ዶሮ የለም። እጁን ይሰበስብና ሁለት ቆርቆሮ የውሻ ምግብ ከፍቶ ትቶላቸው ይሄዳል።

ይህ በመጽሐፉ ውስጥ ምርጡ ገጽ ነው ብል አላፍርም። አንድ አዛውንት ከራሱ እጅ ጋር ሲጣላ እናያለን። ነገር ግን ስለ ኮዮቴዎቹ ምን አወቅን? የት እንደሚያድሩ፣ በዚያ በረሃ ምን በልተው እንደሚኖሩ፣ ነገ የቆርቆሮ ሥጋ ሲያልቅ ምን እንደሚሆኑ ምንም የለም። ኮዮቴዎቹ ለደራሲው መስታወት ሆነው አገልግለው ተሰናበቱ። መኪናው ይነሳላ!

ባለፉት ዓመታት በዚህ መጽሐፍ ላይ የተነሳው ትልቅ ጭቅጭቅ ሌላ ነው። ቢል ስታይገርዋልድ የሚባል ጋዜጠኛ የስታይንቤክን መንገድ ተከትሎ ሄዶ፣ ደራሲው ብዙ ሌሊት ሆቴል ውስጥ እንዳደረ፣ ከጉዞው ብዙውን ከሚስቱ ጋር እንዳሳለፈ፣ አንዳንዶቹ ሰዎችና ጭውውቶችም የፈጠራ እንደሚመስሉ ጻፈ። በ2012 የወጣው የ50ኛ ዓመት እትምም መግቢያው ላይ አንባቢ ሁሉንም ቃል በቃል እንዳይወስድ አሳስቧል። እውነቱን ለመናገር የሆቴሉ ነገር እኔን ብዙ አይቆረቁረኝም። በብርድ ሌሊት ሆቴል የገባ ሰው ላይ መንዝ ያደገ ሰው አይፈርድም። የሚቆረቁረኝ ሆቴል ገባም አልገባም የመጽሐፉ ሰዓት የእርሱ ሰዓት ብቻ መሆኑ ነው። ሲፈልግ ይቆማል፣ ሲሰለቸው ይሄዳል። ያየው ሁሉ በእርሱ ፕሮግራም ውስጥ ይገባል፤ እርሱ በማንም ፕሮግራም ውስጥ አይገባም።

አስገራሚው ነገር ይኸው ሰው ከ20 ዓመት በፊት ተቃራኒውን መጽሐፍ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1940 ስታይንቤክና ወዳጁ ኤድ ሪኬትስ «ዌስተርን ፍላየር» በምትባል የዓሣ አስጋሪ ጀልባ ከሞንተሬይ ተነስተው የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ገቡ። ሪኬትስ የባሕር እንስሳት አጥኚ ነው። ስድስት ሳምንት ያህል የሜክሲኮን ዳርቻ እየተከተሉ፣ ውኃው ሲሸሽ ከአለቱ ሥር የሚቀሩትን ፍጥረቶች፣ ሸርጣኑን፣ የባሕር ኮከቡን፣ ትሉን፣ ቀንድ አውጣውን ሰበሰቡ። መጽሐፉ በ1941 ወጣ፤ ሪኬትስ በ1948 መኪናው በባቡር ተገጭቶ ከሞተ በኋላ ደግሞ የጉዞው ክፍል ለብቻው በ1951 «ከኮርቴዝ ባሕር የተገኘ መዝገብ» ተብሎ ታተመ። አብዛኛው ጽሑፍ የተሠራው ከሪኬትስ የጉዞ ማስታወሻ ነው። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም የመጽሐፉ ትዕግሥት ከየት እንደመጣ ይነግረናል።

እዚህ መጽሐፍ ውስጥ አለቃው ባሕሩ ነው። ውኃው በራሱ ሰዓት ይሞላል፣ በራሱ ሰዓት ይጎድላል። ጎህ ሳይቀድ ከጎደለ ጎህ ሳይቀድ ትነሳለህ፤ ምሳህን ስትበላ ከጎደለ ምሳህን ትተዋለህ። ከዘገየህ ሸርጣኑ የለም። ስለዚህ አረፍተ ነገሩ እንኳ ሌላ ነው፤ ይጎነበሳል፣ ድንጋይ ይገለብጣል፣ ይቆጥራል፣ ከዚያ ደግሞ በድንገት ስለ ፍልስፍና ሊያወራ ይቀመጣል። አንዳንድ ቦታ አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። የእንስሳ ስም ዝርዝር የሚበዛባቸው ገጾች አሉ። ግን አንድ ቦታ ላይ የጃፓን ሽሪምፕ አጥማጆችን ያገኛሉ። ትልልቅ መርከቦች የባሕሩን ወለል እየጠረጉ፣ ሽሪምፑን ለይተው ሌላውን ዓሣ ሁሉ ሞቶ ወደ ባሕር ይመልሱታል። ስታይንቤክና ሪኬትስ የሚናደዱት ውበት ተበላሸ ብለው አይደለም፤ የሜክሲኮ ሰው ምግብ እየጠፋ ስለሆነ ነው። ሠራተኞቹንም ሰይጣን አያደርጓቸውም፤ ደግ ሰዎች ክፉ ሥራ ላይ ናቸው ብለው ያዩዋቸዋል። ለዚህ ዓይነት ፍርድ መቆም ያስፈልጋል። በመስኮት አይገኝም።

አሁን ወደ እኛ ዳርቻ። ባሕር የሌለን ሰዎች ዳርቻ አለን ወይ ካላችሁ፣ አዎ አለን። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አልፋችሁ፣ ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥላችሁ፣ በመዘዞና በሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ ስትመጡ፣ በስተቀኝ መሬቱ ያልቃል። ገደል ነው፤ ከታች እስከ አፋር ድረስ ቆላው ተዘርግቷል። ጠዋት ጉሙ ከታች ሲሞላ ባሕር ነው የሚመስለው፤ ከሰዓት ሲጎድል ደግሞ ሸንተረሩ አንድ በአንድ ይወጣል። ደናክል ደግሞ በእውነትም ባሕር ነበር፤ የቀይ ባሕር ውኃ ገብቶበት የነበረ ምድር ስለሆነ ጨውና የኮራል ድንጋይ ትቶ ሄዷል።

በዚያ ጠርዝ ላይ ነው ጓሳ ያለው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ የውርጭ አገር። ስሙን ያገኘው ከሳሩ ነው። ጓሳ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይፈተልበታል፣ ዝናብ የሚመክት ገሳ ይሠራበታል፤ ድርቅ ሲመጣም የከብት መኖ ነው። ሳሩን የጠበቀው ደግሞ ሕግ ነው፤ ቄሮ ይባላል። (በፖለቲካው ከምታውቁት ቄሮ ጋር ስሙ እንጂ ነገሩ አይገናኝም።) ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘር ነን የሚሉ የመንዝ ባለ ርስቶች አለቃ መርጠው፣ ጠባቂ አቁመው፣ ጓሳን በአንድነት ይዘጋሉ። አንዴ ከተዘጋ ሦስት ዓመት፣ ከዚያም በላይ እስከ አምስት ዓመት ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። ሳሩ ሲደርስ አለቆቹ መክረው ቀን ይቆርጣሉ፤ ሕዝቡ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ከቀኑ በፊት የገባ ቅጣቱ ከባድ ነው።

አያችሁ? ይህ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው፤ ልዩነቱ ሰዓቱን የሚቆርጡት ሰዎች መሆናቸው ነው። ድሮኑ ከላይ ያሳየን ለምለም ሳር ያልተነካ ሳይሆን፣ ለመቼ እንደሚነካ ተማክረውበት የቆየ ሳር ነው። አንድ ሰው ቤቱ እያፈሰሰ፣ ሳሩ ከደጁ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ቆሞ እያየው፣ ቀኑ አልደረሰም ብሎ የተቀመጠበት ሳር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ድራማ የለም የሚል ካለ ድራማ ምን እንደሆነ እንነጋገር።

ድራማው በዚህ አያበቃም። በ1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ርስቱ ቀረ፤ ርስቱ ሲቀር ቄሮም ቆመ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነፃነት ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቄሮም ቢሆን ርስት ያለውን እንጂ የሌለውን አይጨምርም ነበር፤ እርሱን እንደ ገነት የሚያወሩልኝንም አላምንም። ጓሳ ግን የሁሉም ሲሆን የማንም ሆነ፤ ያገኘ ሁሉ አጨደ፣ አሰማራ። ቀስ በቀስ ነው የአካባቢው ሰው በቀበሌና በኮሚቴ ተደራጅቶ እንደገና መዝጋትና መክፈት የጀመረው፤ በኋላም ክልሉ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ አወቀው። ዘለዓለም ተፈራ የሚባለው የእኛው ተመራማሪ ይህን ታሪክ አንድ በአንድ አጥንቶታል። የጥናቱ ሐሳብ እንደሚገባኝ ቀላል ነው፤ ቀይ ቀበሮው የተረፈው ሰው ስለራቀው ሳይሆን ሰው ሳሩን ስለፈለገው ነው። በዓለም ላይ ያሉት ትልልቅ ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል እንኳ አይሞሉም። ከእነሱ ጥቂቶቹ የሚኖሩት የመንዝ ገበሬ ለጣራው ብሎ በዘጋው ሳር ውስጥ ነው።

ስለ ቀይ ቀበሮ ካነሳሁ አይቀር፣ ቪዲዮዎቹ ውስጥ ሁሌም የምትመጣ አንዲት ምስል አለች። ብዙ ጭላዳ ተቀምጦ ሳር ይነጫል፤ በመካከላቸው ቀይ ቀበሮ ቀስ ብሎ ያልፋል። ተራኪው «እንዴት ደስ ይላል፣ በሰላም ሲኖሩ» ይልና ይቆርጣል። ጓሳ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሚሠራ የጭላዳ ምርምር አለ፤ ተመራማሪዎቹ ያችኑ ምስል አይተው አልቆረጡም። ተቀመጡ። ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ስንቴ አይጥ ያዘ፣ በጭላዳ መካከል ሲሆንስ ስንቴ ያዘ ብለው ቆጠሩ። ውጤቱ በ2015 ታተመ፦ ብቻውን ከሞከረው 25 በመቶው ይሳካለታል፤ በጭላዳ መካከል ሲሆን 67 በመቶው። ሳር የሚነጨው መንጋ አይጦቹን ሳያውክ ወይም ቀበሮውን ሳይሸፍንለት አይቀርም። ቀበሮውም ብልጥ ነው፤ የጭላዳን ግልገል ዞር ብሎ አያይም፤ ቢነካ መንጋው አያስጠጋውም። «ሰላም» የተባለው ነገር ለካ ውል ነው። ሳሩን በውል በያዙ ሰዎች መሬት ላይ የአውሬ ውል። ይህን የሚያህል ታሪክ ነው በ12 ሰከንድ የሚያልፈው።

በመንገድ የሚያልፍ ሰው እንዳያይ የተፈረደበት ነው እያልኩ አይደለም። ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ወደ እኛ ደጋ የወጣ ጸሐፊ ከዩቲዩብ በፊትም ነበር። ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዞችን መልእክት ይዞ ከታጁራ ወደብ ተነስቶ፣ በአሳል ሐይቅ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። የጻፈው «የኢትዮጵያ ደጋዎች» በ1844 በሦስት ቅጽ ወጣ። ሃሪስ ዝነኛ አዳኝ ነው፤ ከዚያ በፊት ስለ ደቡብ አፍሪካ አደኑ መጽሐፍ ጽፏል። ብዕሩ ያበጠ ነው፤ ፀሐይ በተራ ቃል አትወጣለትም። የሸዋን ሰው ሲያይም ከላይ ወደ ታች ነው። ድሮን ባይኖረውም ድሮን ነበር ማለት ይቻላል።

በተቃራኒው ደግሞ ከእነዚሁ ደጋዎች ወደ ባሕሩ የወረደ አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐ ቤቴ ልጅ ነው፤ መንዝ ላይ ቆመን ጎረቤት የምንለው አገር። በ1924 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆኖ ጃፓን ሄዶ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፈ። ኅሩይ እንግዳ ነው፤ ፕሮግራሙን የያዙት ጋባዦቹ ናቸው፤ ስለዚህ ያሳዩትን ነው ያየው። የጃፓንን ጎን ሁሉ አላሳዩትም፤ ይህ የመጽሐፉ ድክመት ነው። ግን አንድ ነገር አለው፦ ጃፓንን «ያልተነካች» አይላትም። የሚያየው ሁሉ የተሠራ ነው፤ ማን ሠራው፣ እንዴት ሠራው፣ እኛስ እንችላለን ወይ የሚል ጥያቄ ይዞ ነው የሚሄደው። በአማርኛ የጉዞ ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለም አለ። ዛሬ የጉዞ ቪዲዮ የሚሠራ ወጣት ከሞንታና ቪሎገር ቅርጽ ከመዋሱ በፊት አገሩ ውስጥ ይህ ውርስ እንዳለ የነገረው ያለ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ የምለው ቃላት መሬት ላይ ሥራ ስለሚሠሩ ነው። ጓሳ «ያልተነካ» ከሆነ፣ በፍሬሙ ውስጥ ማጭድ ይዞ የገባው ገበሬ ነኪ ነው። ከአህያው ጋር ሲያልፍ ቢበዛ ጌጥ ነው፣ ቢከፋ ችግር። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ሐሳብ ሌላ ቦታ አይተነዋል፦ ሰዎቹን እናውጣና ተፈጥሮውን እናድን። ጓሳ ላይ ይህ ሐሳብ ከተሳካለት ሳሩን የሚዘጋው ሰው ምክንያት ያጣል። ሊዘጋ የሚወጣ ጠባቂም፣ የሚቀጣ ሽማግሌም አይኖርም። ኮሜንት ላይ «ዋው» ብሎ የጻፈው ሰው ይህን አስቦ አይደለም፤ አውቃለሁ።

ሌላም ነገር አለ። የመንገድ ጉዞ ተረክ መንገዱ ክፍት ነው ብሎ ነው የሚነሳው። ስታይንቤክ በሮሲናንቴ አሜሪካን ሲዞር ማንም «ወዴት ነህ?» ብሎ ያስቆመው ብዙም አልነበረም። እኛ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ግጭቱ ባለበት መንዝ መድረስ እንደ ድሮው አይደለም፤ ቪዲዮዎቹም ቀንሰዋል። መኪና ባይመጣም ግን ሳሩ ያድጋል፤ ይዘጋል ወይስ ይከፈታል የሚለው ጥያቄም ያው ነው፤ ጭላዳውም ማታ ወደ ገደሉ ይወርዳል። መንገዱ ሲዘጋ የሚያልቅ ተረክና መንገዱ ሲዘጋም የሚቀጥል ተረክ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛውን የጻፈልን እስካሁን ጥቂት ነው።

ከሁለቱ የስታይንቤክ መጻሕፍት አንዱን ለማንበብ ጊዜ ያላችሁ ካላችሁ የጀልባውን አንብቡ፤ ስም ዝርዝሩን መዝለል ይቻላል። ካሜራ ይዛችሁ መንዝ የምትመጡ ካላችሁ ደግሞ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ መኪናውን መሐል ሜዳ አቁሙት። ቅዳሜ ገበያ ውጡና ባና ለብሰው ከቆሙት ሽማግሌዎች አንዱን «አባባ፣ ጓሳ መጨረሻ የተከፈተው መቼ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከማን ቤት ጣራ እንደሚጀምር አላውቅም፤ ግን ሦስት አራት ዓመት ወደ ኋላ መሄዱ አይቀርም፤ ከጎን የቆመው ሰውም «አይ፣ ያኔ አይደለም» ብሎ ይገባበታል። እሱን ቅረጹ።